የ11 ሰዓት ባለጸጎች

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ከብሔራዊ ትያትር ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ወደተዘጋጀ የአንድ ቀን የ«አስተሳሰብ ለውጥ» ሥልጠና ይዞኝ ሄደ። መግቢያው 1,500 ብር ነበር፤ ሁለት ትኬት ለሚገዛ ሰው ቅናሽ አለ ስለተባለ ሁለት ገዛ፣ ሁለተኛውን የሚወስድለት ሲያጣ ደግሞ ድሃ ዘመድ እንዳለው ትዝ አለው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሥልጠናውን በነፃ የተጋበዘ የውለታ ባለዕዳ ሆኜ ነው። አዳራሹን፣ ጉንጭ ላይ የተለጠፈውን ማይክሮፎንና ከበሮ የሚበዛበትን መክፈቻ ሙዚቃ አንባቢዬ ስለሚያውቃቸው አልተርክለትም። «አጠገብህ ወዳለው ሰው ዘወር በልና እኔ ሚሊየነር ነኝ በለው» የሚለው ትእዛዝም አዲስ አይሆንበትም። እኔ ዘወር ያልኩት ወደ አንድ አዛውንት ጡረተኛ ነበርና፣ የታዘዝኩትን ስነግራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ታዲያ እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?» አሉኝ።

የሥልጠናው ፍሬ ነገር ድህነት የሚኖረው ኪስ ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚል ነበር። ይህን ግኝት አለማመስገን ንፉግነት ነው። የዓለም ሊቃውንት ስለ መሬት፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ወባና ስለ ድርቅ ሲከራከሩ ዘመናቸውን ጨርሰው ያልቋጩትን ነገር፣ የእኛ አሠልጣኞች በአንድ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ቋጭተው፣ ከምሳ በኋላ መጽሐፉን በር ላይ ይሸጡታል።

ከግኝቶቹ ሁሉ እኔን የማረከኝ ስለ መነሻ ሰዓት የተነገረው ሕግ ነው። «ሀብታም ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ድሃ ግን ይተኛል» አሉ አሠልጣኙ። መርሐ ግብሩ ጠዋት 2 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 3 ሰዓት ከ40 ላይ መጀመሩን አንዳንድ የድሃ አስተሳሰብ ያላቸው ሰዎች አንሥተው አጉረመረሙ፤ እኔ ግን ሰውየው ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሀብት ሲያፈሩ ቆይተው እንደመጡ ወዲያው ገብቶኛል።

እንግዲህ ሕጉ እውነት ከሆነ፣ መጠራጠርም ራሱ የድህነት ምልክት እንደሆነ ስለተነገረን እውነት ነው፣ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ማስኬድ ይገባል። 11 ሰዓት የተነሣ ሚሊየነር የሚሆን ከሆነ፣ 10 ሰዓት የተነሣ ቢያንስ እጥፉን ማግኘት አለበት፤ 9 ሰዓት የተነሣውን ደግሞ የሚቆጥር ባንክ አይገኝም። በዚህ ስሌት የከተማችን ትልቁ ሀብት ያለው እንጦጦ ላይ ነው። እዚያ የሚወጡት እናቶች በሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተው፣ ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ረፋድ ላይ ከራሳቸው ክብደት ብዙ የማያንስ ጭራሮና ቅጠል አዝለው፣ ዓይናቸውን ከአስፋልቱ ሳይነቅሉ በሽሮ ሜዳ በኩል ይወርዳሉ። ሸክሙ ያጎበጣቸው የሚመስለው ሰው ሥልጠናውን ያልወሰደ ነው፤ እነዚህ ሴቶች የሚያጎነብሱት ሀብታቸው እንዳይታይባቸው ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ ጉሊቷ አለች፤ ሽንኩርትና ቲማቲሟን ከጅምላ ተራ ለማንሣት ወፍ ሳይንጫጫ ትወጣለች፤ ማዳበሪያ ላይ መደብ መደብ አድርጋ የምትደረድረው ቲማቲም የሀብቷ ናሙና እንጂ ሀብቷ አይደለም። የሚኒባሱ ረዳትም የመጀመሪያውን ተሳፋሪ በጨለማ ሲጠራ ከስንቱ ባለ ፎቅ ይበልጣል። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ሌሊቱን ጨርሶ ስለማይተኛ በየትኛው እርከን እንደሚመደብ አሠልጣኙ ራሳቸው ተመልሰው ማሰብ ይኖርባቸዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ዘበኛው አለ። 11 ሰዓት የሚነሣው ባለጸጋ መኪናውን ሲያስነሣ በሩን የሚከፍትለት ካፖርት የለበሰው ዘበኛ፣ እርሱ ሲነሣ ቀድሞ የነቃ፣ ይልቁንም ያልተኛ ሰው ነው። በሕጉ መሠረት ማን ማንን መቅጠር እንደነበረበት ግልጽ ነው። ባንኮችም ለብድር የቤት ካርታ መጠየቃቸውን ትተው «ስንት ሰዓት ትነሣለህ?» ብለው ቢጠይቁ ስንቱ ከእንግልት በዳነ። እስቲ አውራ ዶሮንም እናስብ፤ ከዚህ ሁሉ ፍጡር ቀድሞ ነቅቶ፣ ነቅቶም ዝም ሳይል ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅስ፣ ለራሱ ያለው ግምት ከፍ ያለ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ የአሠልጣኙን መመሪያ አንድም ሳያጎድል የሚፈጽም እርሱ ብቻ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ግን የሚያልቀው ድስት ውስጥ ነው። ምናልባት የሚጎድለው ራእዩን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ አለመለጠፉ ይሆናል።

አሠልጣኙ ከከተማ አልፈው ወደ ዓለምም ተሻገሩ። ድሃ አገርም ድሃ የሆነው በሕዝቡ አስተሳሰብ ነው አሉ፤ ሄይቲን በስም ጠቀሱ። እኔም ይህን ጥበብ ይዤ የሄይቲን ታሪክ እንደገና አየሁት። ሕዝቡ ባርነትን በጦርነት አሸንፎ እ.ኤ.አ. በ1804 ነፃነቱን አወጀ፤ ይህ በጎ አስተሳሰብ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1825 ግን ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን አስጠግታ፣ የቀድሞ አሳዳሪዎች ላጡት መሬትና ላጡት ባሪያ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ይከፈል አለች። ባሪያው ራሱን ስለሰረቀ ዋጋውን ይክፈል ማለት ነው። ገንዘቡ እ.ኤ.አ. በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፣ አገሪቱ ካሣውን ለመክፈል የተበደረችው ብድርና ወለዱ ተከፍሎ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ትምህርት ቤትና መንገድ ሊሠራ ይችል የነበረ ገንዘብ ወደ ውጭ አገር ሲጋዝ፣ ለካስ ሄይቲዎች አጠገባቸው ወዳለው ሰው ዘወር ብለው «እኔ ሚሊየነር ነኝ» ማለትን ረስተው ኖሯል።

የእኛም የቡና ገበሬ ከዚህ ስሕተት አልዳነም። በዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ሥር አገሮች ለገበያ የሚያቀርቡትን መጠን የሚወስነው ኮታ እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ፤ ዋጋውም ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ላይ በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ተሸጠ። የሲዳማና የጅማ ገበሬ በዚያ ዓመት እንደወትሮው ቀይ ፍሬውን ለቀመ፣ አሰጣ፣ ገለበጠ። የተለወጠው ስሙን እንኳ ሰምቶት በማያውቀው አዳራሽ የተጻፈ ቁጥር ነበር። ጥፋቱ ግን የገበሬው አስተሳሰብ ነው፤ ኒው ዮርክን በአስተሳሰቡ መቆጣጠር ነበረበት።

የዓለም ባንክ ያደረገው ደግሞ ለዚህ ትምህርት ታላቅ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የከፋ ድህነትን መለኪያ በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር ሲያሳድገው፣ በድሃነት የሚቆጠረው ሰው ወደ 125 ሚሊዮን ያህል ጨመረ። 125 ሚሊዮን ሰው በአንድ ሌሊት አስተሳሰቡ ተበላሸ ማለት ነው፤ ይህን የሚያህል የአእምሮ ወረርሽኝ ታይቶ አይታወቅም። በተቃራኒው ቻይና በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት ስታወጣ፣ ለገበሬው ቤተሰብ በውል መሬት እንደሰጠች፣ የሰብል መግዣ ዋጋ እንዳሳደገች፣ ፋብሪካና መንገድ እንደሠራች ይወራል። ይህን ሁሉ ሰው የያዘው አዳራሽ የት እንደነበረ ግን እስካሁን የነገረን የለም።

ቅርባችንን ብናይ ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ጉሊቷ ሐምሌ 21 የነበራት አስተሳሰብ ሐምሌ 23ም አልተለየም፤ ዘይቱ ግን ተለየ። ይህን ለአክስቴ ልጅ ሳነሣበት «አንተ ችግር ላይ ነው የምታተኩረው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዘይት ለመግዛት ስሄድ ዋጋው ላይ የማተኮር መጥፎ ልማድ አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ፣ በግምት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሰማያዊ ሽርጥ ያደረገች ሴት፣ በመካከላችን እያለፈች ባዶ የውኃ ጠርሙሶችን ትለቅም ነበር። አሠልጣኙ በእጃቸው ወደ እርሷ እያመለከቱ «እንደዚህ ሆናችሁ መቅረት ትፈልጋላችሁ?» አሉ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አንፈልግም!» አለ። ሴትዮዋ ቀና አለች፤ ስለ እርሷ መሆኑ የገባት ትንሽ ዘግይቶ ነበር። ፈገግ አለችና ጠርሙሶቿን በጥቁሩ ላስቲክ ይዛ ወጣች።

እዚህ ላይ ሽሙጥ ይብቃኝ። ነውር ነው። ያን ቀን ጠዋት ወንበሩን የደረደረችው እርሷ ነች፤ እኛ የረገጥነውን መጸዳጃ ቤት ያጠበችውም እርሷ ነች፤ የሚከፈላት ደመወዝም ከቤት ኪራይና ከታክሲ የሚተርፍ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዕድሜዋ ቅዳሜን ጎንበስ ብላ ባልዋለች። ሰው እየሠራ ድሃ የሚሆንበትን ምክንያት መጠየቅ የፈለገ ሰው የሚያመለክተው ወደ እርሷ ሳይሆን ወደ ቀጣሪዋ የክፍያ ሰነድ ነው። ነገር ግን ቀጣሪው ትኬት የሚገዛ ደንበኛ ነው፤ ሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቅ በጭማሪው ፈንታ ይህንኑ ሥልጠና የሚያዘጋጅለትም እርሱ ነው። ድህነትን የድሃው ጥፋት የሚያደርግ ትምህርት ገዢ የማያጣው ለዚህ ነው፤ የሚሰማው ድሃ ይሸማቀቃል፣ የሚከፍለው ግን በሰላም ይተኛል።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅም እንዲህ ያለ ወሬ አልጠፋም ነበር። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያን ረኃብ ሲመረምር፣ በአገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ የደሴ ገበያ ዋጋም እጅግ እንዳልናረ፣ ይልቁንም ከብቱና ማሳው የጠፋበት ሰው ያለውን እህል የሚገዛበት ገንዘብ እንዳጣ አሳየ። እህል ከወሎ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ይጫን እንደነበርም ጽፏል። ይህን ለአንድ ተሰብሳቢ በሻይ ሰዓት ብነግረው «አሉታዊ ኃይል ነው» ብሎ ሳምቡሳውን ይዞ ሸሸኝ።

እኔ ግን ምስጋና ቢስ እንዳልባል፣ የተማርኩትን ለመፈተን ሰኞ ማለዳ ስልኬን ለ11 ሰዓት ሞላሁት። ተነሣሁ፤ ፊቴን ታጠብኩ፤ በመስታወቱ ፊት ሦስት ጊዜ ሚሊየነር መሆኔን ተናገርኩና ከስድስት ኪሎ በታች ካለው ቤቴ ወጣሁ። ጎዳናውን ባዶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ዳቦ የጫነ ባጃጅ አለፈኝ፤ ጠራጊዎቹ ግማሹን መንገድ ጨርሰዋል፤ አንድ ሊስትሮ ሣጥኑን ታቅፎ ደረጃ ላይ ያንቀላፋል። ከኋላዬ ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው እየተጣደፉ ደረሱብኝ። አንደኛዋ እርምጃዋን ሳትገታ «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ።

«11 ከሩብ ነው፣ እናቴ።»

«ውይ!» አለች ወደ ጓደኛዋ ዞራ፤ «ረፍዶብናል።»