ቀብሩን ያስተካከለው ማን ነበር?

አንድ ጸሐፊ ማኅበራዊ ሳይንስን የዩኒቨርሲቲ ቅንጦት ብለው፣ የትምህርት ክፍሉ ይዘጋ ማለታቸው አልተዋጠልኝም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2016 ምዕራብ አፍሪካን ያመሰውን ኢቦላ እናስታውስ። በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ አስከሬን ማጠብና መዳሰስ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሬሳው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ያለ ጸሎት ሲቀበር ቤተሰብ ሟቹን መደበቅ ጀመረ። ታዲያ አንትሮፖሎጂስቶች (የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠኑ የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያዎች) ከሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር መክረው፣ ዘመድ በርቀት ቆሞ የሚሰናበትበት፣ ክብር ያለው ቀብር እንዲዘጋጅ አገዙ። ይህን ላቦራቶሪ ብቻውን ከየት ያመጣዋል?

ጸሐፊው ትምህርቱ በብዙ ቦታ ሽምደዳ ሆኗል ያሉት ግን እውነት ነው። አንድም ሰው ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ የሚመረቅ የሶሺዮሎጂ ተማሪ አለ (ያሳፍራል!)። ክፍሉን ከመዝጋት ይልቅ ተማሪውን ወደ መስክ ያውጡት፤ የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎችም አብረውት ቢወጡ አይከፋም።