ሦስት መቶ ሜትር ሲቀረኝ

ጥፋቴ ውሃ ውስጥ አልጀመረም። አፌ ላይ ነው የጀመረው። ላንጋኖ ላይ ከአንዱ ሎጅ ተነስቼ እስከ ቀጣዩ 2 ኪሎ ሜትር እዋኛለሁ ብዬ ለቢሮው፣ ለዕድሩ፣ ለእናቴና ለቴሌግራም ግሩፑ በሙሉ አወጅኩ። ሠርግ የጠራሁ ነበር የምመስለው።

ስድስት ወር ሆቴል መዋኛ ውስጥ ተለማምጃለሁ። 25 ሜትር፣ ግድግዳ፣ መለስ። ያ ግድግዳ ምን ያህል ባለውለታዬ እንደነበር የገባኝ ሐይቁ ውስጥ ነው። ላንጋኖ ላይ የሚይዙት ጠርዝ የለም፣ ከሥር የሚከተሉት መስመር የለም፤ ቢልሃርዝያ የለበትም እየተባለ ይመስገን እንጂ ውሃው ቡናማ ስለሆነ የገዛ እጅህን እንኳ አያሳይህም። በየጥቂት ቀዘፋው ቀና ብለህ አቅጣጫህን ማየት አለብህ። እኔ ረስቼው፣ ቀጥ ብዬ የሄድኩ ሲመስለኝ ወደ ሻሸመኔ እያዘገምኩ ነበር። ደግሞ ጠዋት መግባት ሲገባኝ ፍርፍሩ ዘገየና (ፍርፍር ጥሎ የሚዋኝ ጀግና እኔ አይደለሁም) ከሰዓት ገባሁ። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም በጥፊ እያለኝ ግማሽ ሐይቁን ጠጣሁት።

ልክ 300 ሜትር ገደማ ሲቀረኝ ጀልባው ተጠጋኝ። ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይግቡ?» አለኝ። «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አልኩና ጠርዙን ያዝኩ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር፣ የእንግሊዝ ቻናልን፣ በዋና የሚያቋርጡ ሰዎች ጀልባ ከነኩ አለቀላቸው፣ አልተሻገሩም። እኔ ነክቼ አልቆምኩም፣ ተሳፈርኩ።

ማታ መጽናኛ ፍለጋ ስልኬን ስጎረጉር አሜሪካዊቷን ዋናተኛ ፍሎረንስ ቻድዊክን አገኘሁ። እንደ ፈረንጆች በ1952 ከካታሊና ደሴት ወደ ካሊፎርኒያ ወደ 16 ሰዓት ዋኝታ፣ ዳርቻው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወጣች። ጭጋጉ የብሱን ሸፍኖባት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ ተሻገረችው። ደስ አለኝ፣ ግን እኔ ጭጋግ አልነበረብኝም። የብሱ ፍንትው ብሎ ይታየኛል። እንዲያውም ጓደኞቼ እኔን ሳይጠብቁ ዓሣ ጥብሱን መጀመራቸው ሁሉ ይታየኝ ነበር። ጉልበቴን የወሰደው እሱ ነው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። ቅዳሜ «ትንሽ ነበር የቀረው» የተባለው፣ እሑድ «ደክሞት በጀልባ ወጣ» ሆኖ፣ ሰኞ ላይ «ሰጥሞ ነው ያወጡት» ደርሷል። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ!» ብላ የሒሳብ ክፍሏ እመቤት አቀፈችኝ። ላስተካክላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። ያቃተው ከመባል የተረፈ መባል ይሻላል። «ተመስገን» አልኳት።

ማታ ጎረቤቶች ብርቱካን ይዘው መጡ። አንዱ ጥልቀቱን ጠየቀኝ፣ እኔም እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ብቻ አልተበገረችም። «ምን አገባህ ከባሕር ጋር?» ስትል ቆይታ፣ ድንጋጤው እንዲለቀኝ ሰባት ቀን ጠበል እንድጠመቅ ወሰነች።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነው እንዴ?» አልኳት።