የጎረቤላው ቪዲዮ ቤት

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። «ዘ ላስት ፒክቸር ሾው» ያሰለቻል ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። በፈረንጆቹ 1971 የወጣ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ፒተር ቦግዳኖቪች ሆን ብሎ በጥቁርና ነጭ የሠራው። አንዲት የቴክሳስ ከተማ፣ አንድ ሲኒማ ቤት፣ እሱም ይዘጋል። እኔ ግን ያየሁት አንኮበርን ነው። ድሮ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ ዛሬ ጉም የሚውልባት ትንሽ ከተማ።

እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረን። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፣ አግዳሚው ይቆረቁራል። መብራት ሲጠፋ ባለቤቱ «ነገ ኑ» ይላል እንጂ ሃምሳ ሳንቲማችንን አይመልስም። (የሦስት ፊልም ዕዳ አለበት!) አንድ ቀን ቴሌቪዥኑን በጋቢ ጠቅልሎ ደብረ ብርሃን ገባ። ጓደኞቼም ተራ በተራ ተከተሉት። ቤቱ አሁን የእህል መጋዘን ነው።

የፊልሙን ሽማግሌ ሳም ዘ ላየንን በአንድ መስመር ማለፍህ ደግሞ ቅር ብሎኛል። ተዋናዩ ቤን ጆንሰን እሱን ሆኖ በመጫወት ኦስካር ያገኘበት ሰውዬ እኮ ነው! ሲኒማውም፣ ፑል ቤቱም፣ ካፌውም የእሱ። እሱ ሲሞት ከተማዋም አብራው ትሞታለች። ባዶውን መንገድ የሚጠርገው ልጅስ? እዚያ ጋ ስደርስ ፊልሙን አቁሜ ወጣሁ፣ ቡና ጠጥቼ ነው የተመለስኩት።