እርማት፦ የሥዕል ካርድ ልጅን አፉን ከመፍታት አያግደውም

ኦቲዝም ላለበት ሕፃን ፍላጎቱን የሚገልጽበትን የሥዕል ካርድ ወይም የእጅ ምልክት ማስተማር «ከመናገር ያሰንፈዋል» የሚለው አስተያየት፣ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር እንዲህ ያለ የመግባቢያ ዘዴ ስለተማሩ የእድገት እክል ያለባቸው ሰዎች የተሠሩ ጥናቶችን መርምረው በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ግምገማ፣ ጠንካራ ማስረጃ ከቀረበባቸው 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልተገኘም፤ አብዛኞቹ እንዲያውም አሻሽለዋል። ግምገማውን ማንበብ ወይም የንግግር ሕክምና ባለሙያን መጠየቅ ይቻላል።

ካርዱን የተነፈገ ልጅ ውሃ ሲጠማው የብርጭቆውን ሥዕል በመስጠት ፈንታ መሬት ላይ ተንከባልሎ ያለቅሳል፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል። ካርዱን ተቀብለው፣ «ውሃ» ብለው ቃሉን እያሰሙ የሚቀዱለት ጎረቤቶችና ዘመዶች ግን (ከልብ ሊመሰገኑ ይገባል) ፍላጎቱን ከማሟላት አልፈው ንግግር እያስተማሩት ነው።