ማስተካከያ፦ ኦሪንጉን የሞተር ዘይት አትቀቡት

ባለፈው በታመቀ አየር ስለሚተኩስ ጠመንጃ አያያዝ ስጽፍ፣ ኦሪንጉ (አየር እንዳያመልጥ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) አየር ካስወጣ «ትንሽ የሞተር ዘይት ቀቡት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እባካችሁ እንዳታደርጉት፤ ያደረጋችሁም ካላችሁ፣ አጽድቶ ለሚያስተካክል ባለሙያ ሳታሳዩ አየር አትሙሉበት።

የእነዚህ ጠመንጃዎች የአየር ጋን ብዙውን ጊዜ 200 ባር አካባቢ ይሞላል። የመኪና ጎማ የሚይዘው 2 ባር ተኩል ገደማ ነው፤ ልዩነቱን አስቡት። አየር በፍጥነት ሲታመቅ ደግሞ ይግላል። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሳው በዚሁ ሙቀት ነው። ጠመንጃው ውስጥም ዘይት ካለ ሊቀጣጠል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ለኦሪንጉ የሚሆነው ንጹህ የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ እሱም በስሱ። ኦሪንጉ ከተቆረጠ ግን ግራሶ አያድነውም፣ ይቀየር። ከመፍታታችሁ በፊት አየሩን ጨርሳችሁ አስወጡ። ከኦክስጅን ሲሊንደርም በፍጹም አትሙሉ።

ሌላም አለ። «በብሪታንያ የተኩስ ጉልበቱ ከ12 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) የማይበልጥ የአየር ጠመንጃ ፈቃድ አይጠየቅበትም» ያልኩት ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ ነው የሚሠራው። በስኮትላንድ ከዲሴምበር 31 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልጋል።