ቻርልስና ክሮምዌል፣ የሩብ ሰዓት መንገድ

ለንደን ሊጠይቀን የሚመጣ የአገር ቤት ዘመድ ዌስትሚኒስተር ሲደርስ የማይቀር ንግግር አለው፦ «አየህ፣ እነዚህ ታሪካቸውን አያፈርሱም!» እውነትም ፓርላማው ደጃፍ ላይ ኦሊቨር ክሮምዌል ሰይፉን ይዞ ቆሟል፤ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስን በ1649 (እ.ኤ.አ.) አንገታቸውን ካስቀሏቸው ሰዎች ዋነኛው ነው። ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ቢሄዱ ደግሞ ቻሪንግ ክሮስ ላይ ያው ንጉሥ በፈረስ ጉብ ብለዋል።

ይህን መቻቻል የሚል ሰው የሐውልቶቹን ገድል አልሰማም። የንጉሡ በ1633 ተሠርቶ ነበር። ዘውዱ ሲወድቅ ለጆን ሪቬት፣ ለአንድ ናስ ሠሪ፣ አቅልጦ እንዲያጠፋው ተሸጠ። ሰውዬው ብልጥ ነው፤ ሐውልቱን ቀበረና «ከሐውልቱ የተሠራ» እያለ የቢላዋ እጀታ ይቸበችብ ገባ። ለንጉሡ ወዳጅ ማስታወሻ፣ ለጠላታቸው የድል ምልክት! ዘውዱ ሲመለስ ሐውልቱ ምንም ሳይጎድለው ብቅ አለ፤ በ1675 አሁን ያለበት ቦታ ቆመ። የእኛም ምኒልክ ከአራዳ ተነቅሎ ተቀብሮ፣ ከነጻነት በኋላ ነው የተመለሰው። የእኛን የነቀለው ግን ጣሊያን ነው፤ የእነሱን የገዛ ወገናቸው።

የክሮምዌል ደግሞ ይብሳል። በ1658 ሞቶ ዌስትሚኒስተር አቤይ በክብር ተቀበረ። ዘውዱ ከተመለሰ በኋላ በ1661፣ ንጉሡ በተገደሉ በ12ኛ ዓመታቸው ዕለት፣ ጃንዋሪ 30፣ ሬሳውን አውጥተው ሰቀሉት፤ ጭንቅላቱንም ቆርጠው ዌስትሚኒስተር አዳራሽ አናት ላይ በእንጨት ሰክተው ለዓመታት አቆዩት። ያ ጭንቅላት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ካምብሪጅ፣ ሲድኒ ሰሴክስ ኮሌጅ ውስጥ አፈር የቀመሰው በ1960 ነው። የት ጋ እንደሆነ በትክክል አይነገርም።

ሐውልቱም በፍቅር አልቆመም። በአገራቸው ያደረሰውን እልቂት ያልረሱ የአየርላንድ እንደራሴዎች አምርረው ስለተቃወሙ የመንግሥት ገንዘብ ተከለከለ፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሮዝቤሪ ከኪሳቸው ከፍለው በ1899 አስቆሙት። ሰውዬው ከሞተ 241 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ከፊት ለፊቱ፣ ቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ የንጉሡ ትንሽ ምስል አለ። ክሮምዌል ያቀረቀረው እሳቸውን አፍሮ ነው እያሉ ይቀልዱበታል።

እኛ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሌኒንን ካወረድን ገና አንድ ትውልድ ነው። ስለ ሐውልት በየማኅበራዊ ሚዲያው ስንሞላለጭ «ከፈረንጅ ተማሩ» የሚለን ሰው የትኛውን ዘመን ፈረንጅ እንደሆነ ቢነግረን ደስ ይለኛል። ሩቅ ሳንሄድ፣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዟ ብሪስቶል ላይ ሰልፈኞች የባሪያ ነጋዴውን የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት በገመድ ጎትተው ጣሉና እያንከባለሉ ወደብ ውስጥ ከተቱት። ከተማዋ ከውኃ አውጥታ ሙዚየም አስገባችው።

ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው «ቆሞ ነው ተኝቶ?» አሉኝ።

ተኝቶ ነው፤ የቀቡትም ቀለም አልታጠበለትም።