የሐኪሙ ወረቀት ስለ ሥራው ምን ይላል?

"ሥራዎ ምንድን ነው?" የሚለው ጥያቄ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ካርድ ሲሞላ አንዴ ተጠይቆ ያልፋል። "ነርስ"፣ "ሹፌር"፣ "የፋብሪካ ሠራተኛ" ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ መድኃኒቱ ይሆናል። በመጨረሻ ግን ሐኪሙ የሚፈርመው ወረቀት ስለ ሥራ ነው፦ የሁለት ሳምንት እረፍት፣ የአንድ ወር እረፍት፣ አልፎ አልፎም "ሥራ መሥራት አይችልም"። በቅጡ ባልጠየቀው ጉዳይ ላይ ነው የሚፈርመው።

የሕመሙ ስም ብቻውን ስለ ሥራ የሚነግረን ጥቂት ነው። ድባቴ ካለባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ከሰው ጋር መነጋገር አቅቶት ሒሳቡን ግን ደህና አድርጎ ሊሠራ ይችላል፤ ሌላው ደንበኛ ሲያስተናግድ ውሎ አንዲት ገጽ አንብቦ መጨረስ ያቅተዋል። የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚቀርብለትን የድጋፍ ጥያቄ ሲመረምር ከምርመራው ውጤት አልፎ አራት ነገሮችን የሚያየው ለዚህ ነው፦ ሰውየው ነገር ተረድቶና አስታውሶ ሥራ ላይ ማዋል፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ሐሳቡን ሰብስቦ ሳይዘገይ መዝለቅ፣ ራሱን መምራትና ከለውጥ ጋር መላመድ ምን ያህል ይችላል?

ይህን ለመመለስ ሥራውን ማወቅ ግድ ነው። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለባትን አንዲት ነርስ እንውሰድ፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ናት። እንቅልፍ ማጣት ማኒያን፣ ማለትም ከልክ ያለፈውን የስሜት መነቃቃት፣ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ሁሉ ያውቃል። ሐኪሟ የአንድ ወር እረፍት ጽፎ ቢሸኛት በወሩ ተመልሳ እዚያው የሌሊት ተራ ውስጥ ትገባለች። "ለሦስት ወር የሌሊት ተራ አትመደብ፤ የመግቢያ ሰዓቷ አይለዋወጥ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ትታያለች" የሚል ወረቀት ግን የሕመሟን ስም ሳያነሳ እንጀራዋን ያቆይላታል። ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀኑን ሙሉ እቶን አጠገብ የሚውል ከሆነም ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ላብ በዝቶ ሰውነቱ ውኃ ሲያጥረው የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ እስከ መመረዝ ሊያደርሰው ይችላል። ካርዱ ላይ "የፋብሪካ ሠራተኛ" ብሎ ያለፈ ሐኪም ይህን ከየት ያገኘዋል?

እረፍት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ሳይኮሲስ (እውነታን መለየት የሚያቅትበት ሁኔታ) የተነሳበት ወይም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የበረታበት ሰው ሥራ ይግባ የሚል የለም። ነገር ግን እረፍትም እንደ መድኃኒት መጠን አለው፣ የጎንዮሽ ጉዳትም አለው። ቤት የዋለ ሰው የቀኑ ሥርዓት ይፈርሳል፣ ከባልደረቦቹ ይርቃል፤ ወራቱ በረዘሙ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የሕመም ፈቃድ ቅጿን የቀየረችው ይህን አስባ ነበር። በአዲሱ ቅጽ ላይ "ለሥራ ብቁ አይደለም" ከሚለው ጎን "ሁኔታው ከተመቻቸ ሊሠራ ይችላል" የሚል ምርጫ ገባ፤ ቀስ በቀስ መመለስ፣ የሥራ ሰዓት መቀየር፣ የሥራ ድርሻ ማሻሻል፣ የሥራ ቦታ ማስተካከል የሚሉትም ተዘረዘሩ። ሆኖም በእንግሊዝ የቤተሰብ ሐኪሞች ከሚሰጧቸው ወረቀቶች ከ90 በመቶ በላዩ አሁንም "ብቁ አይደለም" የሚሉ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ፊት ለፊቱ ሰው እያለቀሰ፣ ስለ ሥራ ሰዓት የሚደራደር ሐኪም ስንት ነው?

የከፋው ስህተት ያለው ግን ከባድ ሕመም ያለባቸው ላይ ነው። ስኪዞፍሬኒያ (አስተሳሰብንና እውነታን መለየትን የሚያውክ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለበትን ሰው "መጀመሪያ ይሻልህ፣ ከዚያ ሥራ እናስባለን" ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ "ከዚያ" የሚባለው ቀን ለብዙዎች አይመጣም። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሮበርት ድሬክ እና ዲቦራ ቤከር ያደራጁት፣ አይፒኤስ (በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን የሥራ ምደባና ድጋፍ ማለት ነው) ተብሎ የሚታወቀው አሠራር ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። መሥራት የሚፈልግ ታካሚ በቶሎ እውነተኛ፣ ደመወዝ ያለው ሥራ ያፈላልጋል፤ ሥልጠናውና ድጋፉ ሥራው ላይ እያለ ይከተለዋል። ሥራ የሚያፈላልገው ባለሙያም ከሕክምናው ቡድን ጋር አብሮ ይሠራል። በተለያዩ አገሮች በተካሄዱ ጥናቶች ሥራ የሚያገኙት ታካሚዎች ቁጥር ከቀድሞው "መጀመሪያ ይሠልጥን" ዘዴ ደጋግሞ በልጧል። ይህን እያወቀ ታካሚውን "ትሠራለህ ወይ? መሥራትስ ትፈልጋለህ?" ብሎ የማይጠይቅ ሳይካትሪስት ሕክምናውን ጎደሎ ነው የሚሰጠው ባይ ነኝ።

ሌላው ችግር ሐኪሙ ሁለት ሚና መያዙ ነው፤ ያክማል፣ ለአሠሪው ወይም ለኢንሹራንሱ ደግሞ ይመሰክራል። ታካሚው ገንዘቡ እንዳይቀርበት ሕመሙን ሊያጋንን፣ ሥራው እንዳይቀርበት ደግሞ ሊደብቅ ይችላል። የሚያክመውና የሚገመግመው ሐኪም ቢለያዩ ጥሩ ነበር። የማይቻል ከሆነ ግን ቢያንስ ወረቀቱን ማን እንደሚያነበው ለታካሚው ገና ሲጀመር ይነገረው።

ሁሉንም ነገር ሐኪም ቤት መውሰድም አያዋጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው፣ በርንአውት የሚባለውን በሥራ ጫና መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም። በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ ደግሞ የሥራ ጫናን መቀነስንና አለቆችን ማሠልጠንን መክሯል። የሦስት ሰው ሥራ ብቻውን የተሸከመ ሠራተኛ መድኃኒት ታዝዞለት ወደዚያው ጠረጴዛ ቢመለስ ምን ይሻለዋል? ሐኪሙ አለቃውን ማከም አይችልም። "የሥራ ጫናው ለሕመሙ አስተዋጽኦ አድርጓል" ብሎ በታካሚው ፈቃድ መጻፍ ግን ይችላል።

ታካሚዎችም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከመክተታቸው በፊት እዚያው ሐኪሙ ፊት ያንብቡት። የሕመሙ ስም ባይጻፍ ከመረጡ ይናገሩ፤ መሥራት የሚችሉት ነገር ካለም እሱም እንዲገባ ይጠይቁ።